ደብረ ዳሞን ያየ ይጻፍ

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተነገረ)




የማኅበራችን የባህል ክፍል ስለ አንድ የተቀደሰ ተራራ ጉብኝት እንድናገር በጠየቀኝ ጊዜ በመጀመሪያ ወደ አሳቤ የመጣው ደብረ ዳሞ ነው። ይህን ስል ከእናንተ መካከል አንዳንዱ በልቡ «ሴት ልጅ ስለ ደብረ ዳሞ ምን ልትነግረን ትችላለች?» እንደሚል አውቃለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ወደዚያ አምባ ሴት አትወጣም፤ እኔም አልወጣሁም። ነገር ግን የዛሬው ንግግሬ ዋና ነገር የሚመነጨው ከዚሁ ካለመውጣቴ ስለ ሆነ ጥቂት ታገሡኝ። ላስረዳ የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም የተቀደሰ ቦታን መጎብኘት ማለት ተሳልሞና ፎቶግራፍ ተነሥቶ መመለስ ብቻ እንዳልሆነ፣ የተማረ ሰው ከሆነ ያየውን ቈጥሮና ለክቶ ላላየው ወገኑ በጽሑፍ ማስረከብ እንደሚገባው ነው።

ደብረ ዳሞ ከመቀሌ በስተ ሰሜን፣ ከአዲግራት ወደ ዓድዋ ከሚወስደው መንገድ በቢዘት በኩል ተገንጥለው የሚደርሱበት አምባ ነው። ከከተማችን ተነሥቶ ወደዚያ የሚሄድ ሰው በኵሓ፣ በአጉላዕ፣ በውቅሮ፣ በነጋሽ፣ በፍረወይኒና በእዳጋ ሓሙስ አልፎ አዲግራት ይገባል። መንገዱ ራሱ ትምህርት ቤት ነው። በውቅሮ ከአለት የተፈለፈለው የቅዱስ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አለ። በነጋሽ ደግሞ ከመካ ተሰድደው በኢትዮጵያ ንጉሥ ዘንድ ለተጠለሉት ለነቢዩ መሐመድ ተከታዮች መታሰቢያ የሆነው መስጊድ ይገኛል። እንግዲህ ይህን ሁሉ በአንድ ቀን እያየ የሚያልፍ መንገደኛ የአባቶቹ አገር ምን ያህል ጥንታዊ እንደ ሆነ ለማወቅ ሌላ ማስረጃ አያሻውም።

አምባው ከባሕር ወለል በላይ 2,216 ሜትር ከፍ ይላል። ራሱ ጠፍጣፋ ሆኖ ርዝመቱ 1,000፣ ስፋቱ 400 ሜትር ያህል ነው። ዙሪያው በሙሉ ገደል ስለ ሆነ ደረጃም መሰላልም የለውም። መውጫው 15 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ቀጥ ያለ አለት ላይ የተንጠለጠለ፣ ከቆዳ የተገመደ ጠፍር ብቻ ነው። የሚወጣው ሰው በሁለት እጁ ጠፍሩን ይዞ በእግሩ አለቱን እየረገጠ ይወጣል። በወገቡ ላይ ሌላ ገመድ ይታሰርለትና ከላይ ያሉት መነኰሳት ይስቡታል። እህሉም፣ ዕጣኑም፣ ጧፉም የሚወጣው በዚሁ በገመድ ነው። ውኃ ግን ከላይ አለ፤ የጥንት ሰዎች አለቱን ፈልፍለው በሠሯቸው ጕድጓዶች ውስጥ የክረምቱ ዝናም ይጠራቀማል።

እኔ ወደ ደብረ ዳሞ የሄድሁት በ2012 ዓ.ም. ለጥቅምት 14 ቀን፣ ለአቡነ አረጋዊ ዓመታዊ በዓል ነው። ያን ጊዜ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነበርሁ። እንኖርበት ከነበረው ከሰሜን ክፍለ ከተማ ተነሥተን ከአባቴ፣ ከእናቴና ከታናሽ ወንድሜ ጋር ሄድን። አባቴና ወንድሜ በጠፍሩ ወጡ። እናቴና እኔ ከብዙ እናቶችና እኅቶች ጋር ከአለቱ ሥር ነጠላችንን አጣፍተን ቀረን። እናቴ ፊቷን ወደ አምባው መልሳ ጸሎቷን አደረሰች፤ ወደ እኔም ዘወር ብላ «ልጄ፤ በረከቱ እዚህም ይደርሳል» አለችኝ። የእናቴን ቃል አምናለሁ። ነገር ግን የተማሪነት ልማድ ሆኖብኝ ከበረከቱ ሌላ ዕውቀቱም እንዲደርሰኝ ተመኘሁ።

ስለዚህ ወንድሜ በወረደ ጊዜ ገና እግሩ መሬት ከመንካቱ መጠየቅ ጀመርሁ። «ቤተ ክርስቲያኑ ስንት ዓምድ አለው?» አልሁት። «ብዙ ነው» አለኝ። «ጣራው ላይ ምን ተቀርጿል?» ብለው «አራዊት» አለኝ። «ምን ምን አራዊት?» ብዬ ባስጨንቀው «እኔ እንጃ፤ ጨለማ ነበረ፤ ሰዉም ይገፋ ነበር» ብሎ ወደ ስንቁ ሄደ። አባቴም በበኩሉ ተሳልሞ፣ ጠበል ጠጥቶና በረከት ተቀብሎ ደስ ብሎት ወርዷል፤ ስለ ሕንፃው ስጠይቀው ግን «አቤት ሲያምር!» ከማለት በቀር የሚጨምረው አልነበረም። በዚህ አልፈርድባቸውም። የሄዱት ለጸሎት እንጂ ለልኬት አልነበረም።

ስለ ቦታው ታሪክ ግን ሁለቱም ደኅና አድርገው ነገሩኝ፤ ምክንያቱም ታሪኩ ከልጅነት ጀምሮ በየቤቱ የሚነገር ነው። ከተስዓቱ ቅዱሳን አንዱ የሆኑት ዘሚካኤል የተባሉት አቡነ አረጋዊ ወደ አምባው ራስ ለመውጣት መንገድ ባጡ ጊዜ እግዚአብሔር ዘንዶ አዝዞላቸው በጅራቱ ጠምጥሞ እንዳወጣቸው፣ ቅዱስ ሚካኤልም ሰይፉን መዝዞ እንደ ጠበቃቸው ይተረካል። በ6ኛው መቶ ዓመት የዐፄ ካሌብ ልጅ ዐፄ ገብረ መስቀል ቤተ ክርስቲያኑን ለማሠራት ወደ አምባው የሚያወጣ መወጣጫ አስደልድለው ነበረ። ሥራው ከተፈጸመ በኋላ ጻድቁ «አፍርሰው» ለማለት «ዳኅምሞ» ብለው ስላዘዙ የቦታው ስም ከዚህ ቃል እንደ ወጣ ይነገራል። የጻድቁ እናት እድናም ልጃቸውን ተከትለው መጥተው ከአምባው በታች በሴቶች ገዳም እንደ ኖሩ በትውፊት ይታወቃል። እንግዲህ እኔና እናቴ የቆምንበት ቦታ ባለቤት የሌለው ስፍራ አይደለም፤ የቅዱሱ እናት የቆሙበት ነው። ስለ ሥርዓቱ መናገር የሊቃውንተ ቤተ ክርስቲያን ድርሻ ስለ ሆነ እኔ ዛሬ ልነቅፈውም ልሟገትለትም አልቆምሁም።

ትምህርታችን በጦርነቱ ምክንያት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ከቈየ በኋላ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ። እዚህ ከገባሁ ወዲያ አንድ ቀን የደብረ ዳሞን ቤተ ክርስቲያን የሚያሳይ የሥነ ሕንፃ ንድፍ አገኘሁ። ንድፉ የዴሬክ ማቲውስ ነው። ይህ እንግሊዛዊ የሥነ ሕንፃ ባለሙያ በ1948 እ.ኤ.አ. ቤተ ክርስቲያኑን ሲያድስ እያንዳንዱን ግንድና ድንጋይ ለክቶ ነበረ። በንድፉ ላይ ግድግዳው እንዴት እንደ ተሠራ በግልጽ ይታያል። አንድ ረድፍ ድንጋይ፣ ከዚያም አንድ ረድፍ ግንድ፣ እንደገና ድንጋይ እየሆነ ይሄዳል። ግንዶቹን አግድም የሚያያይዙት አጫጭር እንጨቶች ጫፋቸው ከግድግዳው ወደ ውጭ ብቅ ስለሚል «የዝንጀሮ ራስ» ይባላሉ። በአክሱም ሐውልቶች ላይ በድንጋይ ተቀርጸው የምናያቸው ክብ ክብ ነገሮች የእነዚህ እንጨቶች አምሳል ናቸው። አክሱም ላይ በድንጋይ ተመስሎ የቀረው አሠራር በደብረ ዳሞ በእንጨትና በድንጋይ ቆሞ ይታያል ማለት ነው። የመግቢያው ክፍል ጣራ በአራት ማዕዘን ሳንቃዎች የተከፋፈለ ሲሆን፣ በሳንቃዎቹ ላይ አንበሳ፣ ዝሆን፣ ግመል፣ ድኵላና ሌሎችም እንስሳት ተቀርጸዋል። ሊቃውንት ስለ ዛሬው ሕንፃ ዘመን አንድ ቃል ባይሆኑም በአገራችን ቆመው ከሚገኙት አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ እጅግ ጥንታዊ ከሚባሉት መካከል ይቈጥሩታል።

ይህን ንድፍ ለወንድሜ አሳየሁት። ረጅም ጊዜ አተኵሮ ተመለከተና «አሁን ገና አየሁት» አለኝ። ከጣራው ሥር የቆመው እርሱ ነው፤ ስለ ጣራው የነገርሁት ግን እኔ ነኝ። ወገኖቼ፤ የጽሑፍና የልኬት ጥቅም ይህ ነው። ከዚህ አዳራሽ ውስጥ ካለነው መካከል እኛ ሴቶቹ ያንን ቤተ ክርስቲያን በዓይናችን አናየውም። በዓለም ዙሪያ ያሉ፣ ወደዚያ ለመድረስ አቅም የሌላቸው ሰዎችም እንዲሁ አያዩትም። ለእኛ ደብረ ዳሞ የሚገኘው በወረቀት ላይ ነው። ወረቀቱ ከሌለ ለእኛ ደብረ ዳሞ ወሬ ብቻ ነው።

አሁን ደግሞ ወረቀት የሌለውን ሀብት ሩቅ አገር የሚያውቀው ወረቀት እንዴት እንደሚያስረዳው አንድ ምሳሌ ልስጥ። በ1940 እ.ኤ.አ.፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ አንቶኒዮ ሞርዲኒ የተባለ ኢጣሊያዊ በደብረ ዳሞ ከመቶ የሚበልጡ የወርቅ ገንዘቦች መገኘታቸውን መዘገበ። ገንዘቦቹ የአክሱም አልነበሩም፤ የሮምም አልነበሩም። በሰሜን ሕንድና በዛሬው አፍጋኒስታን በኩል የነገሡት የኩሻን ነገሥታት ገንዘቦች ነበሩ። በላያቸውም የካኒሽካ፣ የሁቪሽካና የቫሱዴቫ ስም ተገኘ። እነዚህ ነገሥታት የኖሩት ገዳሙ ከመመሥረቱ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ አስቀድሞ ነው። ወርቁ በአዱሊስ ወደብ በኩል በንግድ ወደ አገራችን ሳይገባ አልቀረም። ስሙን በገንዘቡ ላይ የምናገኘው ካኒሽካ የቡድሃ እምነት ታላቅ ደጋፊ እየተባለ የሚታወቅ ንጉሥ ነው። በቡድሃ አማኞች ዘንድ የከበረ የንጉሥ ገንዘብ በተዋሕዶ ገዳም መገኘቱ ሁለቱን አገሮች ባሕር እንዳልለያያቸው ያሳያል። ይህን ማወቅ የቻልነው ግን በእያንዳንዱ ገንዘብ ላይ ያለውን ምልክት አንብቦ የጻፈ ሰው ስለ ነበረ ብቻ ነው።

የቡድሃን እምነት ካነሣሁ ዘንድ፣ እንደ ደብረ ዳሞ በተራራ ላይ ያሉ የዚያን እምነት ሁለት የታወቁ ቦታዎች ልጥቀስ፤ ለእኛ የሚሰጡት ትምህርት አለና።

የመጀመሪያው በጃፓን የሚገኘው የኮያ ተራራ ነው። ኩካይ የተባለው መነኵሴ ቦታውን በ816 እ.ኤ.አ. ከንጉሠ ነገሥቱ ተቀብሎ ገዳማት መሠረተበት። ሴቶች ወደ ተራራው እንዳይወጡ ሕግ ስለ ነበረ በየመግቢያው «የሴቶች ቤት» የተባለ ጸሎት ቤት ተሠርቶላቸው ከዚያ ሆነው ይጸልዩ ነበር። የጃፓን መንግሥት ክልከላውን በ1872 እ.ኤ.አ. አነሣው። ከእነዚያ የሴቶች ቤቶች ዛሬ አንዱ ብቻ ቆሞ ይታያል፤ እርሱም እንደ ቅርስ ይጠበቃል። ጃፓኖች የወጡትን ሰዎች ታሪክ ብቻ ሳይሆን ከሥር ቆመው የጸለዩትን ሴቶች ታሪክም ጠብቀዋል። እኛስ ከደብረ ዳሞ ሥር ስለሚጸልዩት እናቶች ምን ጽፈናል?

ሁለተኛው በቻይና የሚገኘው የዉታይ ተራራ ነው። የስሙ ትርጕም «አምስት ሰገነት» ማለት ነው፤ አምስቱ ራሶቹ እንደ እኛ አምባ ጠፍጣፎች ናቸውና። ከጥንት ጀምሮ የቡድሃ አማኞች የሚሳለሙት ተራራ ሲሆን በ2009 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ከዘጠና ዓመት በፊት ገደማ ግን በቻይና ከታንግ ነገሥታት ዘመን የቀረ የእንጨት ሕንፃ አንድም እንደ ሌለ፣ እንዲህ ያለውን ለማየት ወደ ጃፓን መሄድ እንደሚያስፈልግ የጃፓን ሊቃውንት ይናገሩ ነበር። ይህን ቃል ያልተቀበሉ ሁለት ቻይናውያን ባልና ሚስት ነበሩ። ባልየው ሊያንግ ሱቼንግ፣ ሚስቲቱ ሊን ሁዌይዪን ይባላሉ። ሁለቱም በአሜሪካ አገር ተምረዋል። ሊን መማር የፈለገችው ሥነ ሕንፃ ነበር፤ ነገር ግን ክፍሉ ሴት ስለማይቀበል በሥነ ጥበብ ክፍል ተመዝግባ የሥነ ሕንፃውን ትምህርት አብራ ተከታተለች።

በ1937 እ.ኤ.አ. እነዚህ ባልና ሚስት ከጓደኞቻቸው ጋር በበቅሎ ወደ ዉታይ አካባቢ ሄዱ። ከዋናው የተሳላሚ መንገድ ራቅ ብሎ በሚገኘው በፎጓንግ ቤተ መቅደስ ደረሱ። በጣራው ውስጥ ወጥተው በሌሊት ወፍና በአቧራ መካከል ለብዙ ቀን ለኩ፤ ነደፉም። ዘመኑን የሚያስረዳ ጽሑፍ ግን አላገኙም። በመጨረሻ ሊን ከታች ሆና ወደ ላይ ስትመለከት በአንድ ግንድ ላይ የደበዘዘ የቀለም ጽሑፍ አየች። ታጥቦ ሲነበብ ቤተ መቅደሱን ያሠራች የአንዲት ሴት ስም ሆኖ ተገኘ። ያው ስም ደጅ በቆመው የድንጋይ ዓምድ ላይ ከዘመኑ ጋር ተጽፎ ነበርና ሕንፃው በ857 እ.ኤ.አ. እንደ ተሠራ ታወቀ። ከጥቂት ቀን በኋላ በቻይናና በጃፓን መካከል ጦርነት ተነሣ። አጥኚዎቹ ወሬውን የሰሙት ከተራራው ወርደው ነው። ጥቂት ዘግይተው ቢሆን ኖሮ ያ ሥራ በዚያ ዓመት አይሠራም ነበር።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ሦስት ነገር አለ። አንደኛ፣ አገሩን ለማወቅ ከራሱ ከአገሩ ልጅ የተሻለ ሊኖር አይገባም። ሁለተኛ፣ ጦርነት ቀጠሮ አይሰጥም። ሦስተኛውን ደግሞ ኋላ የደረሰው ነገር ያስተምረናል። የአጥኚዎቹ ማኅበር ብዙ ንድፎችና የፎቶግራፍ ፊልሞች በቲየንጂን ከተማ በባንክ ቤት በአደራ ተቀምጠው ሳለ በ1939 እ.ኤ.አ. ጎርፍ ገብቶ አበላሻቸው። ስለዚህ ጽሑፍ በአንድ ቦታ ብቻ ቢቀመጥ አልተጻፈም እንደ ማለት ነው።

ወደ አገራችን እንመለስ። የደብረ ዳሞን ሕንፃ በመጀመሪያ በዘመናዊ ዘዴ የለካው በኤኖ ሊትማን የተመራው የ1906 እ.ኤ.አ. የጀርመን የአክሱም ጥናት ቡድን ነው። ከዚያ ሞርዲኒና ማቲውስ መጡ። ከ2009 እስከ 2015 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከጀርመን አገር ከሀምቡርግ ዩኒቨርሲቲ የተነሣ የጥናት ቡድን በምሥራቅ ትግራይ ብዙ የብራና መጻሕፍትን በፎቶግራፍ አንሥቷል። እነዚህን ሰዎች ማመስገን ይገባል። ሆኖም ከእኛም ወገን ምሳሌ የሚሆን አልጠፋም። በ1966 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ በተደረገው በሦስተኛው ዓለም አቀፍ የኢትዮጵያ ጥናት ጉባኤ አባ ተወልደ መድኅን ዮሴፍ በትግራይ የሚገኙ ከ120 በላይ ከአለት የተፈለፈሉ አብያተ ክርስቲያናትን ዝርዝር አቀረቡ። እስከዚያ ቀን ድረስ የውጭ ሊቃውንት የሚያውቋቸው በጣት የሚቈጠሩትን ብቻ ነበር። አንድ ካህን ብዕርና ወረቀት ይዘው በሠሩት ሥራ የዓለም ሊቃውንት ፊታቸውን ወደ ገርዓልታና ወደ ሌላውም የትግራይ ተራራ መለሱ።

ይህን ሁሉ የምናገረው ያለ ምክንያት አይደለም። በ2013 ዓ.ም. በተነሣው ጦርነት የነጋሽ መስጊድ መጐዳቱ፣ ደብረ ዳሞም በከባድ መሣሪያ መመታቱና መዘረፉ ተዘግቧል። ከትግራይ አብያተ ክርስቲያናት የወጡ ናቸው የተባሉ መጻሕፍትና መስቀሎች በኢንተርኔት ገበያ ለሽያጭ ቀርበው እንደ ታዩም ተሰምቷል። እንግዲህ እጠይቃችኋለሁ። ነገ አንድ ብራና በውጭ አገር ቢገኝ፣ የእኛ ነው ብለን የምናስመሰክረው በምንድን ነው? ስንት ቅጠል ነበረው? ሥዕሉ በየትኛው ገጽ ላይ ነበር? የመስቀሉ ርዝመት ስንት ነው? በደብሩ ያሉ አባቶች በልባቸው ያውቁታል። ነገር ግን አባቶች ያልፋሉ፤ በጦርነቱም ያለፉ አሉ። «በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት አባቶቻችን ራሳቸው ናቸው።

በዚህች በመቀሌ ቤተ መንግሥታቸውን ያሠሩት ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ይህን ነገር አስቀድመው ተረድተውት ነበር። እንግሊዞች በ1868 እ.ኤ.አ. ከመቅደላ ብዙ መጻሕፍትና ንዋየ ቅድሳት ዘርፈው ከሄዱ በኋላ ንጉሡ በ1872 እ.ኤ.አ. ወደ እንግሊዝ በላኩት ደብዳቤ ሁለት ነገሮችን በስማቸው ጠርተው ጠየቁ፤ አንዱ ክብረ ነገሥት የተባለው መጽሐፍ፣ ሁለተኛው ኵርዓተ ርእሱ የተባለው የጌታችን ሥዕል ነው። መጽሐፉ ተገኝቶ ተመለሰ። ሥዕሉን ግን ከጦሩ ጋር ሄዶ የነበረው የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ሪቻርድ ሆልምስ ለራሱ ይዞት ስለ ነበር አልተመለሰም። ስም ጠርቶ መጠየቅ ሁልጊዜ ያስመልሳል አልልም። ስሙ ያልታወቀ ነገር ግን ለመጠየቅ እንኳ አይቻልም።

በዚህ አሳብ ላይ የሚነሣ አንድ ከባድ ተቃውሞ እንዳለ አውቃለሁ። ይህን ጉዳይ ለአንድ የደብር አገልጋይ አባት ባነሣሁላቸው ጊዜ «ልጄ፤ ዝርዝር የሚጽፍ ሰው ለሌባ መንገድ ይመራል፤ እስከ ዛሬ የተረፈልን የደበቅነው ነው» አሉኝ። ይህ የፈሪ ቃል አይደለም፤ የብዙ ዘመን ልምድ ነው። በጦርነቱም ጊዜ ደብቀው ያዳኑ ካህናት አሉ። ስለዚህ ለእኚህ አባት የምንሰጠው መልስ በአክብሮትና በጥንቃቄ መሆን አለበት። እኔ እንደሚመስለኝ ነገሩ ምን አለ የሚለውንና የት አለ የሚለውን ለይቶ በመጻፍ ይፈታል። ምን እንዳለ ይጻፍ፤ የት እንደ ተቀመጠ ግን ከቄሰ ገበዙ ልብ አይውጣ። ታቦትን የሚመለከት ነገር ደግሞ ጨርሶ አይነካ። መጽሐፍ የደበቀ ካህን መጽሐፉን ያድናል፤ ከተወሰደበት በኋላ ግን የእርሱ መሆኑን የሚያስረዳለት ያ ዝርዝር ነው። መደበቅና መመዝገብ ጠላቶች አይደሉም፤ አንዱ የሌላው ረዳት ነው። የአገራችንም ሕግ፣ ማለት አዋጅ ቁጥር 209/1992፣ ቅርስ እንዲመዘገብ ያዝዛል።

እንግዲህ ለማኅበራችን የማቀርበው አሳብ የሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ እያንዳንዳችን በሚመጣው ክረምት ወደየአገራችን ስንሄድ የሰበካችንን ቤተ ክርስቲያን ወይም የሰፈራችንን መስጊድ በአስተዳዳሪዎቹ ፈቃድ እንመዝግብ። ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ሁሉም ወደ ደብረ ዳሞ ቢሮጥ የትንሽዋን ደብር መጽሐፍ ማን ይጽፍላታል? ፈቃድ ካልተገኘም እጅ ነሥቶ መመለስ እንጂ መከራከር አይገባም።

ሁለተኛ፣ ሥራው በየሙያችን ይከፋፈል። የሥነ ሕንፃ ተማሪዎች ሕንፃውን ለክተው ይንደፉ። የታሪክ ተማሪዎች የሽማግሌዎችንና የአሮጊቶችን ቃል ይቀበሉ። ግእዝ የሚያውቁ ከካህናቱ ጋር ሆነው የመጻሕፍቱን ስም፣ የቅጠላቸውን ብዛትና መጠናቸውን ይጻፉ። እኛ ሴቶች ልጆች ደግሞ ወደማንገባበት ቦታ ባንገባም የእናቶቻችንን ትውፊት ለመጻፍ የሚቀድመን የለም። ከደብረ ዳሞ ሥር ቆመው የሚጸልዩት እናቶች ከየት ይመጣሉ፣ ምን ይሳላሉ፣ ከእናቶቻቸው ምን ሰምተዋል የሚለውን በብዛት ጽፎ ያቆየልን ሰው አላገኘሁም። ይህን ሥራ ከጓደኞቼ ጋር ለመጀመር እኔ ራሴ ዛሬ ስሜን አስመዘግባለሁ።

ሦስተኛ፣ ማንኛውም ዝርዝር በሦስት ቅጅ ይዘጋጅ። የመጀመሪያው ለባለቤቱ ለደብሩ ወይም ለመስጊዱ ይሰጥ። ሁለተኛው ለወረዳው የባህል ጽሕፈት ቤት ይግባ። ሦስተኛው በዩኒቨርሲቲያችን ቤተ መጻሕፍት ተቈልፎ ይቀመጥ። በዚህ በመጽሔታችን የሚታተመው የተመዘገቡት ቦታዎች ቍጥር ብቻ እንጂ የንብረቱ ዝርዝር አይሁን።

አንዳንድ ጓደኞቼ «ሕዝባችን እህልና መድኃኒት ሲቸግረው ሳለ ስለ ሳንቃና ስለ ብራና ማውራት የቅንጦት ነገር አይደለም ወይ?» ብለውኛል። ችግሩ እውነት ነው፤ እኔም አብሬ የኖርሁበት ነው። ነገር ግን ይህ ሥራ ከማንም አፍ እንጀራ አይወስድም። የሚጠይቀው ደብተር፣ እርሳስ፣ የልብስ ሰፊ ሜትርና የአንድ ክረምት ትዕግሥት ነው። የተራበው ሕዝባችን ራሱ በዚያ በችግር ዘመን ከደብሩ ዕጣንና ጧፍ አላስቀረም። እርሱ ከሌለው ላይ ከሰጠ፣ እኛ የተማርነውን ለመስጠት የምንሳሳበት ምክንያት አይታየኝም።

መምህሮቻችንን ደግሞ በትሕትና የምንለምነው ነገር አለን። ከክረምቱ በፊት ሁለት ወይም ሦስት ቅዳሜ ሰጥታችሁ፣ አንድ ሕንፃ እንዴት እንደሚለካና አንድ ብራና ሳይጐዳ እንዴት እንደሚገለጥ ብታስተምሩን ሥራችን ከጥፋት የራቀ ይሆናል። ሳያውቁ የነኩት ብራና ሌባ ከወሰደው አይሻልምና።

ከአሁን በኋላ ያለው ጊዜ የጥያቄና የውይይት ነው። ስማቸውን ለማስመዝገብ የሚፈቅዱ ከስብሰባው በኋላ ከማኅበሩ ጸሐፊ ዘንድ ቅጹን ያገኛሉ።